የምርጫ ክልሎቻችን ከከተማዋ ዕድገት ጋር አብረው አልሄዱም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ምርጫ የሚጻፈው በአብዛኛው በፓርቲዎች፣ በዕጩዎችና በታዛቢዎች ላይ ያተኩራል። ይህ ተገቢ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሆኖ ሳለ እምብዛም የማይነሳው ጉዳይ ግን የምርጫ ክልል አከላለል ነው። መራጩ ድምፁን የሚሰጠው በአንድ ክልል ውስጥ ነው፤ ክልሉ ሲከለል ያልነበረ ሰፈርና ያልነበረ ሕዝብ ዛሬ በውስጡ የሚኖር ከሆነ፣ የዚያ ሕዝብ ድምፅ ከሌላው ጋር እኩል ይመዝናል ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። በከተማችን ዳርቻ፣ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምንኖር ሰዎች ይህ ጥያቄ በቀጥታ ይመለከተናል።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ሆኖ ተመዘገበ። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ዛሬ በምናውቃቸው ሕንፃዎች ምትክ በአብዛኛው የእርሻ ማሳ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ለውጥ ለመገመት በየካቲት 2011 ዓ.ም. የወጣውን ዕጣ ብቻ ማስታወስ ይበቃል፤ በአንድ ቀን ከ51 ሺህ በላይ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች ለዕድለኞች ተደለደሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ወደ ዳርቻው መጥተው ሰፍረዋል። የመሀል ከተማው ነዋሪ ሲቀንስ የዳርቻው ይበዛል። ክፍለ ከተሞች እንኳ ይህን ተከትለው ተለውጠዋል፤ ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ 11ኛው ክፍለ ከተማ የሆነው የአስተዳደር ሥራው ከነዋሪው ቁጥር ጋር አልመጣጠን ስላለ ይመስለኛል።

የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ግን በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ለአዲስ አበባ 23 ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫም 23 ነበር። የ1999ኙን ቆጠራ ለ23 ብናካፍለው አንድ ተወካይ 119 ሺህ ገደማ ሰው ይደርሰዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ73 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ ለ547 መቀመጫ ሲካፈል አንዱን ወደ 135 ሺህ ያደርሰዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ስሌት ከሌላው አካባቢ ተጎድታለች ብዬ አልከራከርም፤ እንዲያ ማለት ሐቅ አይሆንም። የእኔ ጥያቄ በከተማዋ ውስጥ ስላለው ልዩነት ነው። አማካዩ 119 ሺህ ቢሆንም፣ ዛሬ አንዱ ክልል ከዚያ በታች ወርዶ ሌላው በእጥፍ ቢበልጥ የምናውቅበት ቆጠራ የለንም።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ የተድበሰበሰ ነገር አልተወም። አንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ በውጤቱ መሠረትም የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን ይደነግጋል። ቆጠራው በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ በ2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዝመውታል። የጸጥታው ሁኔታ ምክንያት መሆኑን እረዳለሁ፤ ባልተረጋጋ አካባቢ ቆጣሪ መላክ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የመዘግየቱ ዋጋ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ሕዝቡ ባለበት በረጋ ቦታ የቆየ ቁጥር ብዙ አይጎዳም፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሙሉ ከተማ በበቀለበት ዳርቻ ግን የቆየ ቁጥር ሕዝብን ከመዝገብ ያስወጣል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ የሌሎችን ታሪክ ማየቱም ይጠቅማል። በአሜሪካ የአላባማ ግዛት ሕገ መንግሥት የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት መቀመጫዎች በየአሥር ዓመቱ በሕዝብ ቁጥር እንዲደለደሉ ያዝ ነበር። ይሁንና ከእ.ኤ.አ. 1901 በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል ድልድሉ ሳይታደስ ቀረ። በእነዚያ ዓመታት ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ በርሚንግሃም ከተማ ጎረፈ። ከተማዋ የምትገኝበት የጄፈርሰን አውራጃ ከ600 ሺህ በላይ ሕዝብ ይዞ በግዛቲቱ ሴኔት አንድ ተወካይ ብቻ ነበረው፤ 15,417 ነዋሪ የነበረው የላውንዝ አውራጃም እንዲሁ አንድ ነበረው። የአንዱ ሰው ድምፅ ከሌላው 41 እጥፍ ይመዝን ነበር ማለት ነው። ድልድሉን የማደስ ሥልጣን የነበራቸው በአሮጌው ድልድል የተመረጡት ሰዎች ስለነበሩ ጉዳዩ በምክር ቤቱ ውስጥ መፍትሔ ሊያገኝ አልቻለም። በመጨረሻ ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሴኔት ምርጫ ክልሎችም በሕዝብ ቁጥር የተቀራረቡ መሆን አለባቸው ሲል ፈረደ። ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን ሕግ አውጪዎች የሚወክሉት ሰዎችን እንጂ ዛፎችን ወይም የመሬት ስፋትን እንዳልሆነ የጻፉት በዚህ ፍርድ ላይ ነው። የእኛ ሥርዓት ከዚያ የተለየ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤታችንም የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንጂ የምርጫ ክልሎች ምክር ቤት አይደለም። በአላባማ የሆነው ግን በየትም ይሆናል፤ ሕጉ ሳይሻር በመዘግየት ብቻ ሥራ አቆመ።

በዳርቻው የምንኖር ሰዎች ላይ ሌላም ችግር ይደርሳል። በምርጫ ሕጉ መሠረት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ከመሀል ከተማ ተነስቶ የመጣ ቤተሰብ ከቀድሞ ወረዳው መሸኛ አውጥቶ በአዲሱ ወረዳ መታወቂያ እስኪያገኝ ብዙ ይመላለሳል። ተከራይ ከሆነ ደግሞ የአከራዩ ፈቃድ ይጠየቃል፤ በኮንዶሚኒየም ሳይቶች ውስጥ የተከራዩ ብዛት ቀላል አይደለም። አንዳንዱ አሁንም የሚይዘው የፈረሰው ሰፈሩን መታወቂያ ነው። ይህ ሰው በቀድሞው ሰፈሩ መራጭ ሆኖ ይቆጠራል፤ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቀውና ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ግን እዚህ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል ያደረጉት የወሰን ስምምነት ደግሞ የአንዳንድ ሳይቶችን ነዋሪዎች ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው አሸጋግሯል። እነዚህ ሰዎች የሚመርጡት ምክር ቤት ጭምር ተለውጧልና፣ ይህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ሊነገራቸው ይገባል።

በእኛ ብሎክ የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ችግር ሲገጥማቸው ወደ ብሎክ ኮሚቴው ወይም ወደ ዕድሩ ይሄዳሉ። በምክር ቤት ማን እንደሚወክላቸው የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ነዋሪውን ግድየለሽ ነው ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ የምርጫ ክልሉ ስያሜ ከሚኖርበት ወረዳም ከክፍለ ከተማውም ጋር ካልተያያዘ በምን ሊያውቅ ይችላል? አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ በሕግ መሠረት ከምክር ቤት ሊያስወግድ እንደሚችል ይደነግጋል። ተወካዩን የማያውቅ ሕዝብ ግን ይህን መብት ሊጠቀምበት አይችልም።

ቆጠራው በአንድ ጀምበር እንደማይደርስ አውቃለሁ። እስከዚያው ድረስ የምርጫ ቦርድ በአዲስ አበባ በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል የተመዘገበውን የመራጭ ቁጥርና ክልሉ የሚያካትታቸውን ሰፈሮችና ሳይቶች ጎን ለጎን አድርጎ ለሕዝብ ቢያሳውቅ፣ የዳርቻውና የመሀሉ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ቢያንስ በግምት ይታያል። የምክር ቤቱ አባላትም ከሰኔ 30 በኋላ ለዕረፍት ሲበተኑ፣ የመራጭ ውይይቱን በጥሪ ወረቀት በሚገባበት አዳራሽ ከማድረግ ይልቅ በየሳይቱ ግቢ፣ በእሑድ፣ ሰው ቤቱ በሚውልበት ሰዓት ቢያደርጉት ብዙ ሰው ይመጣል። ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የከተማዋን 23 የምርጫ ክልሎች፣ የተወካዮቹን ስምና እያንዳንዱ ክልል የትኞቹን ሰፈሮች እንደሚይዝ በአንድ ገጽ አትሙልን። የየካ አባዶን በየብሎኩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የየካ አባዶ ነዋሪ፣ አዲስ አበባ