«ለአርሶ አደሩ ተከፈለ» የተባለው ድጎማ እኛ እጅ አልገባም

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ማዳበሪያ ድጎማ ያወጣችሁትን ዘገባ ልጄ በስልኩ አሳየኝ። ሁለቴ አነበብኩት። «መንግሥት ለአርሶ አደሩ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ድጎማ ከፈለ» ይላል። እንቅልፍ የነሳችኝ ይህቺ «ከፈለ» የምትል ቃል ናት።

እኔ ምዕራብ ጎጃም በቆሎና ዳጉሳ የማመርት ገበሬ ነኝ። ድጎማ ብሎ አምስት ሳንቲም የከፈለኝ የለም። ከፋዩ እኔ ነኝ። ዘገባችሁን ያነበበ የከተማ ሰው ግን ገበሬው ተሰልፎ ብር የሚቀበል ይመስለዋል። ቅዳሜ ዕለት ከተማ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደወለች። «እናንተማ ተደጎማችሁ አሉ» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳበሪያው ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ይገባል። ከዚያ በዩኒየን (በገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት) በኩል እኛ አባል ወደሆንባቸው መሠረታዊ ማኅበራት ይወርዳል። መንግሥት ከዋጋው የተወሰነውን ይሸፍናል፣ የቀረውን ገበሬው ይከፍላል። የዓለም ዋጋ በናረበት በ2014 ዓ.ም. 15 ቢሊዮን፣ በቀጣዩ ዓመት 21 ቢሊዮን ብር ለዚህ መመደቡ ተነግሯል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ ያለ ድጎማ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ የሚቀመስ አይሆንም ነበር። ይህን አልክድም። ድጎማው ይቅር የሚል ገበሬም አላውቅም።

ግን ድጎማ የሚጠቅመኝ ማዳበሪያው በጊዜው ሲደርሰኝ ነው። አንድ ዓመት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሚያዝያ ላይ ወይፈን ሸጥኩና ለማኅበሩ አስቀድሜ ከፈልኩ። ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አኖርኩት። ሰኔ ገባ፤ «ነገ ኑ» ተባልን። ሐምሌም «ነገ ኑ» ነው። በቆሎ ጉልበት ሲደርስ ዩሪያውን ይፈልጋል። የኔው ጉልበት አልፎ፣ የታች ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ መሐል ለመሐል ቢጫ እየሆነ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ቆሜ ሳየው ሆዴ ይባባል። ጨንቆኝ ተበደርኩና ከነጋዴ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ገዛሁ። የማኅበሩ ነሐሴ ላይ መጣ። ለበቆሎው ምን ሊያደርግለት? በመዝገብ ግን እኔም ተደጉሜያለሁ። እናንተ የጻፋችሁት ያንን መዝገብ ነው።

የዘለላችሁት ሌላም አለ። በእኛ ቀበሌ ማዳበሪያ የሚደለደለው በመሬት ደብተር ነው። የእኩል የሚያርሱ ወጣቶች ደብተር የላቸውም። ታናሽ ወንድሜ የአንዲት አቅመ ደካማ እናት መሬት የእኩል ያርሳል። ማዳበሪያው የሚወጣው በእማማ ስም ነው። እማማ ታመው አልጋ ላይ የዋሉ ቀን «ስምህ የለም» ተብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው የማኅበሩ አጥር ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አየሁት። እሱ አርሶ አደር አይደለም? ዘገባችሁ ላይ ቃላቸውን የሰጡት ሁሉ ኃላፊዎች ናቸው። አንድ ገበሬ መጠየቅ እንዴት ያቅታል? ስልክ እኮ ሁላችንም ይዘናል።

እባካችሁ አርሙት። «ተከፈለ» የሚለውን «ከዋጋው ላይ ተቀነሰ» በሉት። ቀጥሎ ስትዘግቡም ከብሩ ጎን ማዳበሪያው ቀበሌ የገባበትን ቀን ጻፉ። የኔ ደረሰኝ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ አለ። ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።

አንድ ገበሬ፣ ከምዕራብ ጎጃም