እኔ ኩላሊቴን ሰጥቻለሁ፤ እናንተ መድኃኒቱን ሸፍኑ

ለጤና መድን የበላይ ኃላፊዎች፤
ጅማ

ሂርማታ ገበያ እህል እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝ። ግራ ኩላሊቴ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሆድ ውስጥ ነው። የሚውጠው መድኃኒት በጤና መድን እንዲሸፈንለት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትኩ። ሦስቱም ጊዜ "ማመልከቻህ ደርሶናል" ከመባል ያለፈ መልስ የለም። ስለዚህ በአደባባይ እጠይቃችኋለሁ።

ወንድሜ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ነበር። የእናታችን ወርቅ ተሸጠ፣ ላሞቹ ተሸጡ፣ የዕቁብ ብሬም እዚያው ገባ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄደን ንቅለ ተከላው ተሳካ። የአካል ንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ባይከፈት ኖሮ ለእኛ ቢጤ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ስንሸኝ ሐኪሙ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው፣ አንድ ቀንም እንዳትዘሉ አለን። ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን፤ ሰውነቱ የእኔን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚያደርጉ ናቸው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ ሲደርስ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ ስለሆነ ሁለት ምርጫ ተሰጠን፤ ወይ ተጨማሪ ተከፍሎለት በእናታችን ደብተር ይገባል፣ ወይ በራሱ ስም ይመዘገባል። ወንድሜ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን አሳየ። "የምውጠውን መድኃኒት የሚሸፍንልኝ የትኛው ነው?" አለ። መዝጋቢው "መጀመሪያ ክፈል፣ የሚሸፈነውን ስትታመም ታየዋለህ" አለው። እኛም አምነን ከፈልን።

መድኃኒቱን ልንወስድ ደብተሩን ስናቀርብ "የንቅለ ተከላ ነገር መድኑ ውስጥ የለም" ተባልን። ቀና ብሎ ያየን እንኳ የለም። ወንድሜ ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና "ጋሼ፣ በቃ ተወው፣ እንሂድ" አለኝ። ያን ቀን ያየሁትን ፊቱን አልረሳውም። ኩላሊት ስለወሰደብኝ የሚያፍር ልጅ ነው። አሁን ደግሞ ብር አስወጣሁት ብሎ ያፍራል።

ምናልባት የወር ደመወዝ ያለው ሥራ ቢይዝ ይሻለው ይሆን ብዬ የማኅበራዊ ጤና መድኑን ደንብ ቁጥር 271/2005 ፈልጌ አነበብኩ። የአካል ንቅለ ተከላ ከሚሸፈኑት ውጪ ነው። ዲያሊሲስም ከአጣዳፊ የኩላሊት ሕመም በስተቀር ውጪ ነው። ታዲያ የኩላሊት ሕመምተኛ የትኛው በር ነው የሚከፈትለት?

ንቅለ ተከላ ማለት ቀዶ ሕክምናው ነው። የእሱን ወጪ ማንም እንዲመልስልን አልጠየቅንም፣ ከፍለን ጨርሰናል። የምንጠይቀው በየቀኑ ስለሚዋጥ ክኒን ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛም በየቀኑ ይውጣል፣ እሱን ግን ደብተሩ ይቀበለዋል። ይቀበለውም፣ ደስ ይለኛል። የወንድሜ ክኒን በምን ተለየ? ሲቋረጥ ሰውነቱ ኩላሊቱን ይገፋዋል። ከዚያ ወደ ዲያሊሲስ ይመለሳል፣ እሱንም አትሸፍኑም። እኔ ደግሞ የምሰጠው ሌላ ኩላሊት የለኝም።

በመድኃኒቱ ላይ የደም ምርመራው አለ። ለእሱ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን አዲስ አበባ እንገባለን። የትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ የሥራ ቀኑ ኪሳራ ሲደመር ሱቄን ዘግቼ የምበላው እያጣሁ ነው።

ከንቅለ ተከላ በኋላ ያለውን መድኃኒትና ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው ለይታችሁ አስገቡት። እስከዚያ ድረስ ቢያንስ ምዝገባ ላይ የሚሸፈነውና የማይሸፈነው በወረቀት ተጽፎ ይሰጠን። ሰው ከመክፈሉ በፊት ይወቅ።

የወንድሜ ታክሮሊመስ ለ11 ቀን ይበቃል። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።