ፎቶው ላይ ያለችው ተርብ አይደለችም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ተርብ ንድፊያ ባወጣችሁት ጽሑፍ አናት ላይ ያለውን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ ፈገግ አልኩ፤ ጽሑፉን ስጨርስ ግን ተናደድኩ። ቢጫና ጥቁር ለብሳ ግንድ ላይ የተቀመጠችው ጥንዚዛ ናት። በአውሮፓ ጫካዎች የምትኖር፣ በሳይንሳዊ ስሟ ክሊተስ አሪዬቲስ የምትባል።

ማስረጃው እዚያው ፎቶው ላይ አለ። ጀርባዋን ተመልከቱ፤ መሐል ለመሐል ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር ይታያል። ሁለቱ ጠንካራ የክንፍ ሽፋኖች የሚገጥሙበት ነው፤ የምትበርበት ስስ ክንፍ ከሥሩ ታጥፎ ተቀምጧል። ተርብ እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም። አራቱም ክንፎቹ ስስ ናቸው፤ ሲበር የፊቱና የኋላው በጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሚያያዙ ሁለት ብቻ ይመስላሉ። ወገቡም በክር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ያህል የቀጠነ ነው። የጥንዚዛዋ ወገብ የት እንዳለ እስኪ ፈልጉ!

በእርግጥ ብትሳሳቱ አይፈረድባችሁም፤ ማሳሳት ኑሮዋ ነው። ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ስትሄድም እንደ ተርብ ቁንጥንጥ እያለች፣ በአንቴናዎቿ ከፊቷ ያለውን እየነካካች ነው። አንድ ጊዜ ተርብ የነደፈው ወፍ እርሷንም አይደፍርም። እንዲህ ያለውን ማስመሰል እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሄንሪ ዋልተር ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1862 በአማዞን ቢራቢሮዎች አስረድቶታል። ፈጣንና ብልጥ ሰውን «ተርብ» እንል የለ? በዚህ ፍቺማ ስሙ ለጥንዚዛዋም ይገባታል።

መናደፊያ ግን የላትም። «ተርብ ሁሉ ይናደፋል» ያላችሁትም ይታረም፤ የተርብ መናደፊያ ከእንቁላል መጣያ አካል የተለወጠ በመሆኑ ወንዱ አይናደፍም።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሞተ እንጨት ነው። ተርቧ ላዩን ትፍቃለች፤ ጠጋ ላለ ሰው ፍቅፍቅታው ይሰማል። ፍቅፋቂውን በምራቋ አላምጣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቤት ትሠራበታለች። ጥንዚዛዋ ደግሞ እንቁላሏን የምትጥለው በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ነው። የሚፈለፈለው ትል እንጨቱን ከውስጥ እየቦረቦረ ሁለት ዓመት ያህል ከኖረ በኋላ ነው ክንፍ አውጥቶ የሚወጣው።

«ባያችሁበት ግደሉት» የሚለው ምክራችሁ የታተመው በዚህች ማንንም በማትነካ ጥንዚዛ ሥር ነው። ምክሩን ባትሰርዙት እንኳ ፎቶውን ቀይሩት።

አንድ አንባቢያችሁ