ሐረር ላለው ወዳጄ፣ ስለ እሳት ኳሱ

ይድረስ ለተወደድከው ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ዝምታዬ መርዘሙን አውቃለሁ፤ ሰበብ ብደረድር አንድ በአንድ ስለምታፈርስብኝ፣ ይቅር በለኝ ብዬ ወደ ጉዳዬ ልለፍ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የክርስትና ልጅህ ነው።

በስልኩ ያየውን፣ የሚነድ ኳስ በባዶ እጅ ይዞ የማገላበጥ ትርኢት ቤት ውስጥ ሊሞክር ተነሥቷል። የእናቱን አሮጌ ነጠላ ቀድዶ ሎሚ በሚያህል መጠን ጠቀለለው፤ ዙሪያውን በጥጥ ክር ጠምጥሞ፣ የክሩን ጫፍ በመርፌ ወደ ውስጥ አሳልፎ ደብቆታል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ለደብተሩ ቢኖረው ብዬ ተመኘሁ። ፖሊስተር ቀልጦ ከቆዳ ጋር እንደሚጣበቅ፣ ስለዚህም ጨርቁ ጥጥ መሆን እንዳለበት ያስረዳኝ እሱ ራሱ ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ማርጠቢያው ነው። የላይተር መሙያ ፈሳሽ ፈልጎ ስላጣ፣ ከጎረቤት ባለባጃጅ ቤንዚን በሃይላንድ አስቀድቶ አልጋው ሥር ሸሽጓል፤ ያገኘሁትም በሽታው ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃ ዘንድ ይደርሳል፤ የእኛን ምድጃና የልጁን መኝታ የሚለየው ደግሞ ያው የምታውቀው መጋረጃ ነው። «እንግዲያው በላምባ ልተካው» ቢለኝ፣ የላምባ ተን ብዙውን ጊዜ ከ38 ዲግሪ ጀምሮ እንደሚቀጣጠል ነገርኩት፤ በሰኔ የድሬ ሙቀት ከዚያ ምን ያህል ይርቃል? ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን ሳኒታይዘርም አስቦት ነበር፤ የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን እምብዛም ስለማይታይ፣ ጠፍቷል ብሎ እንዳይጨብጠው ፈራሁ።

የቸገረኝ፣ ትርኢቱ ውሸት አለመሆኑ ነው። በመጀመሪያ የሚነደው ከጨርቁ የሚወጣው ተን ስለሆነ፣ ትኩሱ ጋዝ ወደ ላይ ሲሄድ የኳሱ ሥር በትነቱ እየቀዘቀዘ መዳፍን ለጥቂት ጊዜ ያሳርፈዋል። ሆኖም አንዲት ጠብታ ወደ ክንዱ ከወረደች፣ ወይም ነፋስ ነበልባሉን ካጋደመው፣ ያ ሁሉ ስሌት ያበቃል። ይህን እኔ ስነግረው የአባት ቁጣ ይመስለዋል፤ ከኬሚስትሪ መምህር አፍ ሲወጣ ግን ትምህርት ይሆናል። (የቡሄ ችቦ ቅንድብህን እንዴት እንዳደረገው ከነገርከው ደግሞ የበለጠ ያምንሃል፤ እኔ እስካሁን አልነገርኩትም፤ ውለታዬን ቁጠርልኝ።)

እናም በመጪው ቅዳሜ ወደ ድሬ ውረድልኝ። ወይም ይዤው ልምጣና፣ በውሃና በአልኮል ድብልቅ የተነከረ ወረቀት አልኮሉ ብቻ ነድዶ፣ ውሃው ስላዳነው ደኅና የሚቀርበትን ሙከራ በቤተ ሙከራችሁ አሳየው። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ማየት እፈልጋለሁ፤ ኳሱን ሳገላብጠው ነድዶ ባየሁት የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር፤ ለባለቤቴ እንዳትነግራት አደራ። የትራንስፖርቱን ነገር... ተወው፣ ትቀየመኛለህ።

ቤንዚኑን ለባለባጃጁ መልሼለታለሁ። ኳሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ልጁ ግን ቁልፉን የት እንደማኖር የሚያውቅ ይመስለኛልና እባክህ አትዘግይ።

ወንድምህ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ