ኤርታሌን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማነው?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሲደርስ፣ አብዛኛው ዜና ያተኮረው በተሰረዙት በረራዎች ላይ ነበር። በአስጎብኚነት የምተዳደረውን እኔን ያሳሰበኝ ግን ሃይሊ ጉቢ ከኤርታሌ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚርቀው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ኤርታሌም ቢሆን ከዚያ ቀደም ብሎ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አመድ ተፍቷል። እንደ ሃይሊ ጉቢ ያለ ከዚህ በፊት መፈንዳቱ ተመዝግቦ የማያውቅ ተራራ እንዲህ ከተነሣ፣ እዚያው ሰንሰለት ላይ እንግዳ ይዘን በሌሊት የምንወጣው ምን ተማምነን ነው?

ኤርታሌን ያየ ሰው ጉብኝቱ ይቅር ሊል አይችልም፤ እኔም አልልም። የተራራው ከፍታ 613 ሜትር ቢሆንም ሙቀቱ ስለማያስወጣ ጉዞው የሚጀመረው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ ፍራሽና ውኃውን ግመሎች ይሸከማሉ። ከላይ ሲደረስ የቀዘቀዘው ቅልጥ አለት ስስ ቅርፊት እግር ሲያርፍበት እንደ ብርጭቆ ይንኮሻኮሻል፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ የድኙ ጢስ ጉሮሮ ይይዝና ሰው ሁሉ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ ወደ ኋላ ይሸሻል። ምን ያህል መጠጋት እንደሚቻል የሚወስነው የመንገድ መሪው ዓይን ነው። የአፋር መንገድ መሪዎችን ዕውቀት በእጅጉ አከብራለሁ፤ ብዙ ጊዜም የታደገን እሱ ነው፤ ነገር ግን ከመሬት በታች የሚንቀሳቀስ ቅልጥ አለት ለማንም ዓይን አይታይም።

በ2004 ዓ.ም. አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች በታጣቂዎች ከተገደሉ ወዲህ ያለ ጥበቃ ወደዚያ መሄድ የማይታሰብ ሆኗል። ለጠመንጃው የተጠነቀቅነውን ያህል ግን ለተራራው አልተጠነቀቅንም።

በኒውዚላንድ ዋካሪ በተባለችው የእሳተ ገሞራ ደሴት በኅዳር 2012 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ ሊያስተምረን ይገባል። የአገሪቱ ባለሙያዎች የእሳተ ገሞራውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ከፍ ካደረጉት ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር፤ ሆኖም ጉብኝቱን ያስቆመ አልነበረም፤ ፍንዳታው ሲደርስ ደሴቲቱ ላይ ከነበሩት 47 ሰዎች 22ቱ ሞቱ። መረጃው ነበረ፤ በመረጃው መሠረት ይዘጋ የሚል ባለሥልጣን ግን አልነበረም። ይህን ውሳኔ ከእንግዳው ገንዘብ ለተቀበልን አስጎብኚዎች መተው አግባብ አይደለም፤ ዋጋውን ከፍሎ ከሩቅ አገር የመጣን ሰው «ዛሬ አንወጣም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የተናገረው ብቻ ነው።

ስለዚህ የአፋር ክልልና የቱሪዝም ሚኒስቴር፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ በኤርታሌ ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያና የጋዝ መለኪያ ዘወትር እንዲሠራ ያድርጉ፤ ተራራው ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን በየዕለቱ የሚያስታውቅ፣ ትእዛዙም አስጎብኚውን፣ ሾፌሩንና ጥበቃውን እኩል የሚገዛ አንድ አካል ይሰይሙ። ተራራው በሚዘጋበት ቀን የግመል ባለቤቶችና የመንገድ መሪዎች ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩም ከጎብኚዎች ከሚሰበሰበው ክፍያ ላይ መጠባበቂያ ይያዝላቸው፤ አለዚያ የዕለት እንጀራው የተቋረጠበት ሰው መከልከሉን እንዲያከብር መጠበቅ ያዳግታል። ጎብኚ የሚበዛው ሙቀቱ በሚቀንስበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሥራው ከሚቀጥለው ኅዳር በፊት ቢጀመር መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስጎብኚ፣ ከአዲስ አበባ