ኪንግ ኦሊቨር ኮርኔቱን አልተወም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሁድ ስለ አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ነፋሽ ስለ ሉዊስ አርምስትሮንግ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አርምስትሮንግን የሚጠላ የለም፤ እኔም እወደዋለሁ። ያናደደኝ ስለ አስተማሪው፣ ስለ ኮርኔት (ትራምፔት የሚመስል የትንፋሽ መሣሪያ) ነፋሹ ጆ «ኪንግ» ኦሊቨር የጻፋችሁት ነው። ከዚያ ሁሉ ገጽ ለእሱ የደረሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እሱም ዘመኑን መከተል ስላቃተው ሙዚቃ ትቶ ፑል ቤት ጠራጊ ሆኖ ሞተ ይላል።

ማን ነው የተወው? ኦሊቨር ኮርኔቱን አልተወም። የተወው ጥርሱ ነው።

ሰውየው ከባድ የድድ በሽታ ነበረበት። ይህ ለሌላ ሰው የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ነው፤ ለነፋሽ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። የኮርኔት ድምፅ የሚወጣው ከንፈር ማውዝፒሱ (አፍ የሚገጥምበት ጫፍ) ላይ ሲርገበገብ ነው። ያንን ከንፈር ከኋላ ደግፎ የሚይዘው የፊት ጥርስ ነው። ድድ ሲያብጥና ጥርስ ሲነቃነቅ መጀመሪያ የሚሸሹት ከፍ ያሉት ኖታዎች ናቸው። ቀጥሎ ረጅም ድምፅ መያዝ ያቅታል። ትንሽ ጫን ካሉት አፍ ደም ደም ይላል። ጣት ዜማውን ያውቀዋል፣ ጭንቅላትም ያውቀዋል፤ አፍ ግን እምቢ ይላል። ኦሊቨር በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በራሱ ስም በሚወጡ ሸክላዎች ላይ ሳይቀር ሶሎውን ለዘመዱ ለዴቭ ኔልሰን የሚሰጠው ለዚህ ነው። ይህን የጻፈው ባልደረባችሁ አንድ ነፋሽ ጠርቶ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ስነፋ ነው። የፊት ጥርሴ መነቃነቅ ሲጀምር ሂድና ታከም ያለኝ አለቃ አልነበረም። ትራምፔቱን ተቀብለው የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ሰጡኝ። መዝገቤ ላይ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ሥራ ቀየረ ብለው ጻፉ። ኋላ የባንዱ የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲወጣ ዘፋኞቹ ከነፎቷቸው ወጡ። ከኋላ ቆመን የነፋነው ሰዎች «እና ሌሎችም» ሆነን ቀረን። የእናንተን ጽሑፍ ያየው ልጄ «አባዬ፣ አንተም እንደዚህ ሰውዬ ትተኸው ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ወደ ኦሊቨር ልመለስ። አርምስትሮንግ ዕድሉን ፍለጋ ቺካጎ ገባ ብላችኋል። ዝም ብሎ አልገባም፤ በ1922 ቴሌግራም ልኮ የጠራው ኦሊቨር ነው። ገና በኒው ኦርሊንስ ልጅ ሳለ እያስተማረ ኮርኔት የሰጠውም እሱ ነው። በቺካጎው የዳንስ አዳራሽ በሊንከን ጋርደንስ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሲነፉ፣ ኦሊቨር ቀጥሎ የሚነፋውን ሐረግ ቀስ ብሎ ለአርምስትሮንግ ያሰማዋል። ባንዱ ድንገት ጸጥ ሲል ሁለቱ ኮርኔቶች እኩል ይወጣሉ። ሰዉ እንዴት እንደሚግባቡ ግራ ይገባው ነበር። በ1923 ሪችመንድ፣ ኢንዲያና የተቀረጸውን «ዲፐርማውዝ ብሉዝ» ስሙት። ኦሊቨር የኮርኔቱን አፍ በመድፈኛ እየከደነና እየከፈተ ሰው እንደሚያወራ ያደርገዋል። ከእሱ በኋላ የመጡ ስንት ነፋሾች ያንን ሶሎ ኖታ በኖታ ተምረውታል። ዘመን መከተል አቃተው የምትሉት እሱን ነው!

ጥፋት የለበትም አልልም። በ1927 ከኒው ዮርኩ የምሽት ክበብ ከኮተን ክለብ ሥራ ሲቀርብለት ክፍያው አነሰኝ ብሎ እምቢ አለ፤ ቦታውን የባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ወሰደው። ይህ የሂሳብ ስህተት ነው፤ ከመንፋት ችሎታው ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ደግሞ የቺካጎው ባንክ ሲከስር ያጠራቀመው ገንዘብ አብሮ ጠፋ። ይህን ሁሉ አልፎም በ1930ዎቹ ባንድ ይዞ በአውቶቡስ የአሜሪካን ደቡብ ሲዞር ነበር። ሙዚቃ የተወ ሰው በታመመ አፉ ከከተማ ከተማ ይንከራተታል?

መጨረሻ ላይ ሳቫና፣ ጆርጂያ ቀረ። አዎ፣ ፑል ቤት ጠርጓል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከፍቶ እኩለ ሌሊት ይዘጋ እንደነበር ለእህቱ ጽፎላታል። ለደም ግፊቱ መታከሚያ አልነበረውም። ወደ ኒው ዮርክ የሚመለስበትን ገንዘብ ሳንቲም በሳንቲም ሲያጠራቅም፣ 1 ዶላር ከ60 እንደደረሰለትና እንደማይነካው ነግሯታል። በሚያዝያ 1938 አረፈ። እህቱ የቤት ኪራይዋን ከፍላ አስከሬኑን አስመጣችና ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ዉድሎን መቃብር አስቀበረችው። አርምስትሮንግም ቀብሩ ላይ ነበር። «ፓፓ ጆ» እያለ ውለታውን ሲያወራ ነው የኖረው። ስለ አርምስትሮንግ ስትጽፉ እሱ ራሱ ያልዘለለውን ሰው እናንተ ለምን ትዘሉታላችሁ?

የምጠይቀው እርማት ነው። በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። «ሙዚቃ ትቶ» የሚለው ተሰርዞ፣ በድድ በሽታ ጥርሱን ስላጣ መንፋት እንዳልቻለ ይጻፍ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛውን ክፍል እንደምታወጡ አስታውቃችኋል፤ እርማቱ ከእሱ ይቅደም።

ጡረታ የወጣ ትራምፔት ነፋሽ
ከአዲስ አበባ