ይድረስ ለአባቴ፤ ጊደሯን አይሽጧት

ሞጆ፣ ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎ ወይ? እማማስ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የሚያነብልዎ የእህቴ ልጅ ነውና አደራ፣ ቀስ ብሎ ያንብብ፤ የከበደውን ቃል ዘሎ አይለፍ።

ያለፈው እሑድ በስልክ «ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ ጉድጓድ ስትለካ ትውላለህ አሉኝ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልሴን ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። በማግስቱ ደግሞ ወንድሜ ለቤቱ ክዳን ብላችሁ ጊደሯን ልትሸጡ መሆኑን ነገረኝ። በሚያዝያ እልካለሁ ያልኩት የቆርቆሮ ገንዘብ ስላልደረሰ ነው። የጠየቁኝና ያልላክሁት ገንዘብ ነገራቸው አንድ ነውና በተቆራረጠ ስልክ ከማስረዳ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

እውነት ነው አባባ፣ ጉድጓድ እለካለሁ። በትክክል ለመናገር ቦይ ነው የምለካው። እዚያ ውስጥ የሚቀበረው ፋይበር የሚሉት የስልክና የኢንተርኔት መስመር ነው። ሽቦ እንዳይመስልዎ፣ መስታወት ነው፤ ውፍረቱ ከጠጉር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስልክ ላይ የሚናገሩት ቃል ብርሃን ሆኖ በዚያ ውስጥ ያልፋል። እኛ ያለነው ወደ ምሥራቅ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። በአጤ ምኒልክ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው የመጀመሪያው የስልክ መስመርም የሄደው ወደዚሁ ወደ ምሥራቅ ነበር፤ 477 ኪሎ ሜትር። ዛሬም አገራችን ባሕር ስለሌላት፣ ከውጭው ዓለም የምትገናኝበት አንዱ ዋና በር ጅቡቲ ነው፤ በባሕር ሥር የመጡት ኬብሎች እዚያ ወደ የብስ ይወጣሉ። የምኒልክን ሽቦ ተሸክሞት የነበረው ምሰሶ ነው፤ ቢወድቅ፣ ቢዘም፣ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። የእኛን ግን አፈር ይለብሰዋል።

እኔ የተቀጠርኩት ለዚህ ነው፤ አፈር ከመልበሱ በፊት እንዳየው። በዚህ ሥራ ውል የቦዩ ጥልቀት 1 ሜትር ከ20 ነው። ከታች አሸዋ ይነጠፋል፣ በአሸዋው ላይ ፕላስቲኩ ቱቦ ይተኛል፣ እንደገና አሸዋ ይለብሳል፣ ከዚያ ድንጋይ የተለቀመለት አፈር ይመለሳል። መሐል ላይ፣ ኋላ የሚቆፍር ሰው «ከሥር ኬብል አለ» ብሎ እንዲቆም፣ የማስጠንቀቂያ ሪባን ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ኬብሉ በአየር ግፊት እየተነፋ በቱቦው ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱን ደረጃ አያለሁ፣ እለካለሁ፣ ፎቶ አነሣለሁ፣ እፈርማለሁ። ተቋራጩ የሚከፈለው በሜትር ስለሆነ ያለ እኔ ፊርማ ሜትሩ አይቆጠርለትም።

ወደ መተሐራ ስንደርስ የሚጠብቀን ያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እሱ ሌላ ፈተና ነው፣ ገና ነን። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ያለው ግን እርስዎ የሚያውቁት አፈር ነው፤ እንደ እኛው እንደ እነዋሪ ያለ መረሬ፣ ጥቁር አፈር። ጤፍ አብቃይ ነው። ክረምት እንደ ሊጥ የሚይዝ፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት የሚከፍት። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ ከተማ ያደጉ ስለሆኑ፣ ንቃቃት ላዩ ላይ ብቻ ያለ ነገር ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን ያቺ ጥጃችን እግሯ ገብቶ የተሰበረበትን ቀን አልረሳሁም። ያን ዕለት ጥልቀቱን ለማየት የከተቱት የጅራፍ እንጨት ጫፉ ብቻ ነበር የቀረው።

በሚያዝያ መጀመሪያ የሆነው እንዲህ ነው። ዓርብ ከሰዓት ኬብል የሚቀጠልበት ሌላ ቦታ ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስመለስ 180 ሜትር ቦይ ተደፍኗል። ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ ዝናብ መጣብንና ሸፈንነው፣ 1 ከ20 ገብቷል» አለኝ። የመፈረሚያ ወረቀቱ ተሞልቶ በእጁ ነበር።

በላዩ ሄድኩበት። የተመለሰው አፈር ጓል በጓል ነበር። ሦስት ቦታ ምልክት አድርጌ «እዚህ፣ እዚህና እዚህ ክፈቱልኝ» አልኩ። የመጀመሪያው ከሞላ ጎደል ደህና ነበር፤ 1 ሜትር ከ15፣ አሸዋውም አለ። ሁለተኛው 85 ሳንቲ ሆነ። ሦስተኛው ጋ ዶማው ገና ሳይሞቅ ቱቦው ብቅ አለ፤ 70 ሳንቲ። አሸዋ የሚባል የለም። ጎንበስ ብዬ አፈሩን በእጄ ጠረግሁት። ቱቦው ቡጢ የሚያክል ድንጋይ ላይ ተንተርሶ፣ ከላይ ጓሉ ተጭኖት፣ እንደ ተረገጠ ሸምበቆ ጠፍጥፏል። በቦዩ ግድግዳ ላይ ንቃቃት ይታያል። የሜትሩን ጫፍ ሰደድሁበት፤ ከላይ እስከ ታች 90 ሳንቲ ወርዶ ነው የቆመው። ቱቦው የተኛው እንግዲህ አፈሩ በየዓመቱ በሚከፈትበትና በሚዘጋበት ንብርብር ውስጥ ነው። ክረምት ያብጥና ይጨምቀዋል፣ በጋ ይሸሽና ያንጠለጥለዋል።

ይህን ደግሞ ፊዚክስ ለሚወደው አንባቢዬ ልንገረው። መስታወቱ ከልክ በላይ ከታጠፈ ብርሃኑ ከመታጠፊያው ላይ ወደ ውጭ ያመልጣል። ኦቲዲአር የሚባል መሣሪያ አለን። ከአንዱ ጫፍ ብርሃን ይሰድና ተንጸባርቆ የሚመለሰውን እየመዘነ፣ ጉዳቱ ከዚህ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይናገራል። የሞገድ ርዝመቱ 1310 ናኖ ሜትር በሆነ ብርሃን ስንለካው ትንሽ የመሰለ ጉዳት በ1550 ጎልቶ ከወጣ፣ መታጠፍ ነው እንላለን። መሣሪያው ቦታውን ይነግረናል እንጂ ማን እንዲያ አድርጎ እንደቀበረው አይነግረንም።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ያን ቀን የከበደኝ ፎርማኑ አይደለም። ዙሪያዬን የቆሙት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ፎርማኑ «ካልፈረምክ የእነዚህ የሳምንት ሒሳብ ይቆማል» አለኝ፣ እነሱ እየሰሙ። አንዱ በማታ የሚማር ልጅ፣ አካፋውን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ እኛ ቁፈሩ ያሉንን ነው የቆፈርነው» አለኝ። እውነቱን ነው። አባባ፣ እጁን አየሁት፤ ያ ጥቁር አፈር ሲደርቅ እንዴት መዳፍ እንደሚሰነጥቅ ያውቃሉ። ወረቀቱ ላይ ያየሁትን ልክ በሙሉ ጻፍሁ፣ ሠራተኞቹ የታዘዙትን እንደሠሩና ሒሳባቸው እንዳይያዝ ከሥሩ ጨመርሁ። ሒሳባቸውን በአምስተኛው ቀን አገኙ። እነዚያን አምስት ቀናት እንቅልፍ አልነበረኝም።

እኔም ያጠፋሁት አለ። ዓርብ ዕለት ስሄድ «እስክመለስ እንዳይደፈን» ብዬ በጽሑፍ ትቼ መሄድ ነበረብኝ፤ በቃል ብቻ ነው የተናገርሁት። አሁን በጽሑፍ ሳልተው ከቦታው አልንቀሳቀስም።

ከዚያ ተቋራጩ ከሰሰኝ። የወሩ ክፍያ ተያዘ፤ የእኔም የመስክ አበል ከዚያው ክፍያ ጋር የታሰረ ስለነበር ከአንድ ወር በላይ ቆመ። ከቢሮ አንድ አለቃ «ከ60 ኪሎ ሜትር ውስጥ 180 ሜትር ምንድን ነው?» አለኝ። መስመር እንደ ማሳ አይደለም፤ ማሳ አንድ ጥጉ ቢበላሽ ሌላው ያበቅላል፣ መስመር ግን አንድ ቦታ ከተበላሸ ከወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ይቀራል። ይህንኑ መለስሁለት። ሌላም የመጣብኝ ነገር ነበር፤ ለእሱ ግን አልነገርሁትም። ልጅ ሆኜ፣ ሁላችንም በእጃችን አፈር እየዛቅን ለስንዴው መደብ ስናወጣ፣ እኔና ወንድሜ ለመጨረስ ስንቸኩል ቦዩን ወደ ጎረቤት ምስር አዙረነው ነበር። እርስዎ በዝናብ መጥተው አዩት፣ ምንም አልተናገሩም፤ ከአጠገባችን ተንበርክከው መድፈን ጀመሩ። ጨልሞ ነው የጨረስነው። ጎረቤታችን ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ተቋራጩ በመጨረሻ 180ውን ሜትር እንደገና ከፍቶ ሠራው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በየሃያ ሜትሩ ወርጄ ለካሁት፣ ከ1 ሜትር ከ20 ያነሰ አላገኘሁም። ያኔ ፈረምሁ። የማታ ተማሪው ልጅ አሁን ከእኔ ጋር ሜትር ይይዛል፤ ቁጥሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚጠራው።

አበሉ ያለፈው ሐሙስ ግማሹ ተለቀቀ። በእነዋሪው መኪና ሹፌር እጅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁት ብር ለሃያ ቆርቆሮና ለሚስማሩ ይበቃል። የምሥራቁን ክፍል፣ በተለይ እማማ የምትተኛበትን፣ በእሱ አስጀምሩት። የቀረውን ሰኔ ሳይጋመስ እልካለሁ። ዘግይቼ ክረምቱ በደጃችሁ እስኪቆም ስላስጠበቅኋችሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀጣዩ ቁፋሯችን መስከረም ላይ እንደገና መረሬ ውስጥ ይገባል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ አፈሩ መሰንጠቅ የሚጀምረው በስንተኛው ሳምንት ነው? በእርስዎ ማሳ ላይ ከሽምብራው መዝራት በፊት ነው ወይስ በኋላ? መሐንዲሶቹን ብጠይቅ ከመጽሐፍ ነው የሚነግሩኝ። ለልጁ ይንገሩትና ይጻፍልኝ።

ጊደሯን አይሽጧት። ለጥቅምት ትወልዳለች ብለውኝ የለ?

እማማን ጉልበቷን ስመው ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ